እማዬ ያላለችው

ቡንቶንግ፣ ኢፖ

ለእትዬ፣

እንደምን ከረምሽ? ባልሽ ካቲርቬልና ልጆቹስ እንዴት ናቸው? ሲንጋፖር ዝናቡ በርትቷል ሲሉ ሰማሁ፤ ያ ሳልሽ እንዳይነሳብሽ ደረትሽን ሸፈን አድርጊ። እኛ ደህና ነን። እማዬም እህል መቅመስ ጀምራለች።

ስትደውዪ የማላነሳው ስልኩ ተበላሽቶ አይደለም፤ ድምፅሽን ፈርቼ ነው። እማዬ አንቺ ቤት ናት እያልኩ በዚያ ድምፅ ስንቱን አመንኩ! «እማዬ ተኝታለች»፣ «ቤተ መቅደስ ሄዳለች»፣ «ሐኪሙ ብዙ አታናግሯት ብሏል»። ከምሸጠው የሙሩኩ ብስኩት ጠብሼ በሰው የላክሁ ጊዜማ፣ «እማዬ በላች፤ ግን ጨው በዝቶበታል፣ ይቺ ልጅ እጇ መቼ ነው የሚስተካከለው አለች» ብለሽ አሳቅሽኝ። እኔ ሞኟ የእማዬ ቁጣ መስሎኝ ደስ አለኝ። ከዚያ ወዲህ ጨው ቀነስኩ። ደንበኞቼ «ምነው አልጫ ሆነ?» ሲሉኝ፣ «እናቴ እንዲህ ነው የምትወደው» እላቸው ነበር።

ለዲፓቫሊ በዓል ሳልነግርሽ የመጣሁት ላስደንቃት ብዬ ነው። አዲስ ሳሪና ለጠጉሯ የሚሆን ጃስሚን አበባ ይዤ በርሽን ሳንኳኳ፣ ፊት ለፊት ያሉት ማላይዋ ጎረቤትሽ ብቅ ብለው «ማንን ፈልገሽ ነው ልጄ?» አሉኝ። እናቴን አልኳቸው። «እንዴ! አሮጊቷን? እሳቸውንማ ከቻይኖቹ አዲስ ዓመት ወዲህ፣ ይኸው ዘጠኝ ወር፣ አላየናቸውም። አገራቸው ገቡ ነው የተባልነው።»

አገሯማ የኔ ቤት ነበር፣ እትዬ።

አንቺ ገበያ ወጥተሻል። በሩን የከፈተልኝ ካቲርቬል ቀና ብሎ ሊያየኝ አልቻለም። «ድንበር ማዶ ጆሆር፣ የአረጋውያን ቤት ናት። ሌሊት እየተነሳች በር ስትከፍት እህትሽ ተሰላቸች። እንዳልነግርሽ አስምላኛለች» አለኝ። ጫማውን በቅጡ ሳያጠልቅ ተነስቶ ወሰደኝ። እሱን አትቆጪው።

መስኮት ሥር ተቀምጣ አገኘኋት። ያን የመሰለ ጠጉሯን ለጽዳት ይመቻል ብለው ከሥሩ ቆርጠውታል። ሰዎቹ ክፉ አይደሉም፤ ንጹሕ አልብሰዋታል። ግን በቤቱ ታሚል የሚናገር አንድ ሰው የለም። ተንከባካቢዋ «ትናገራለች እንዴ? እኛ እኮ ዲዳ መስላን ነበር» አለችኝ። ያቺን ወሬኛ እናታችንን! አንቺስ፣ መቼ ሄደሽ አነጋገርሻት?

በቋንቋችን «እማዬ» ስላት ዞር አለች። ፊቴን በሁለት እጇ ይዛ ትክ ብላ አየችኝና፣ «ይኸው መጣች! ትልቋ ልጄ እንደማትተወኝ አውቅ ነበር» አለች።

አላረምኳትም። ይዣት ወደ ኢፖ ስንመለስ፣ መኪና ውስጥ እጄን አልለቅም ብላ፣ «ታናሽሽስ? አንድ ቀን እንኳ ብቅ ሳትል! ምን አድርጌያት ነው እንዲህ የጨከነችብኝ?» ብላ ጠየቀችኝ። ካቲርቬል መሪውን እንደያዘ አለቀሰ። «ሥራ በዝቶባት ነው፤ ትመጣለች» አልኳት።

ደክሞሽ ይሆናል፤ አውቃለሁ፣ ይከብዳል። አሁን እኔም በር እየጠበቅሁ ነው የማድረው። ግን «ደከመኝ፣ ነይ ውሰጃት» ብትዪኝ በዚያው ቀን አውቶቡስ ላይ ነበርኩ። ይህን ይቅር ልልሽ ሞከርኩ፤ አልሆነልኝም።

አትምጪ አልልሽም፣ እናትሽ ናት። ነገር ግን ስትመጪ ማን ነኝ ብለሽ እንደምትገቢ አስቢበት።

በየጠዋቱ እጇን ራሴ ላይ ጭና፣ ያንቺን ስም ጠርታ፣ «እንደ ጦርሽኝ ልጆችሽ ይጡሩሽ» ብላ ትመርቃለች። ዝቅ ብዬ እቀበላለሁ። እኔ ልጅ የለኝምና፣ ምርቃቱ ለባለቤቱ ይድረስ።

ሰላምሽ ይብዛ፤ ልጆቹን ሳሚልኝ።

ታናሽ እህትሽ