ለአንድ ኤፍ የሄዱ ሽማግሌዎች

ሐሙስ፣ የካቲት 6። ሞጣ፣ ከክፍል መልስ።

ዛሬም ሰሌዳው ላይ ከርቩ ወደ ቀኝ ሄደ። መ/ር ኤርሚያስ ጠመኔ በያዙ ቁጥር ወደ ቀኝ ነው። ብር ሲዳከም የውጭ ንግድ ይጨምራል፣ የውጭ ንግድ ሲጨምር አምራቹ ይጠቀማል፣ ምሳ ሰዓት ይደርሳል። አምራቹ ተጠቀመም አልተጠቀመም የግቢው ካፌ ሽሮ ቀጥኗል።

ከሰዓት የመጀመሪያው ሴሚስተር ውጤት ተለጠፈ። ማክሮኢኮኖሚክስ፦ ኤፍ።

ደብተሬ፣ ለአንተ አልዋሽም፣ ትንሽ ጠብቄው ነበር። ጥያቄው የብር መዳከም ለአገር ውስጥ አምራች ያለውን ጥቅም አብራሩ ይላል። እኔ ምን ብዬ ጻፍኩ? ሃንድአውቱ «ሌሎች ሁኔታዎች ሳይለወጡ» ይላል፣ እኛ አገር ቢቸና ውስጥ ያልተለወጠ ሁኔታ ካለ አሳዩኝ። መንገድ ተዘግቶ ጤፉ ጎተራ ለቀረበት ገበሬ የጤፍ መወደድ ወሬ ነው። ማዳበሪያው ግን ከውጭ ስለሚገባ መወደዱ ወሬ አይደለም። እዚህ ላይ ባቆም ምናለበት! አላቆምኩም። «መምህራችን ከርቭ ሲገፉ እንጂ እርፍ ሲጨብጡ አይተን አናውቅም» ብዬ ጨመርኩበት።

ካለፈው ዓመት ማስጠንቀቂያ አለብኝ። ይህ ኤፍ ካልተነሳ እባረራለሁ።  ብርድ ልብሴን ተከናንቤ ተኛሁ።

ቅዳሜ፣ የካቲት 8። ቢቸና።

ለአባዬ ነገርኩት። ይጮሃል ስል አልጮኸም። ጋቢውን ደርቦ ወጣ። ሲመለስ ሦስት ሽማግሌ አስከትሏል። ወይ ጉዴ!

መሪጌታ ልሳነወርቅ፦ ዕድሜ ልካቸውን ቅኔ ያስተማሩ፣ «ደህና ዋሉ» ቢሏቸው ሁለት ትርጉም የሚያወጡለት። ጋሽ አዳሙ፦ ጡረታ የወጡ ዳይሬክተር፣ ሰው ሳይፈቅዱለት ካወራ አሁንም እጅህን አውጣ ሊሉ የሚዳዳቸው። አያ ስንሻው፦ ጎረቤታችን፣ ሥራቸው ማንቀላፋት፣ ቁጥር ለመሙላት የመጡ።

መሪጌታ ማክሮ የሚሉት ምንድን ነው ብለው ጠየቁ። ጋሽ አዳሙ ጉሮሯቸውን ጠርገው የመንግሥትን ኪስ የሚያጠና ትምህርት ነው አሉ።

«ኪሱን ማጥናት ምን ያደርጋል?» አሉ መሪጌታ። «እጁ ያለው የእኛ ኪስ ውስጥ አይደል!»

ሁሉም ሳቁ። እኔ ማርክ ሰጪ ብሆን እዚያው ኤ እሰጣቸው ነበር።

ቅሬታ በት/ክፍሉ ነው የሚታየው፣ ድጋሚ ፈተናም አለ፣ ማመልከቻ ላስገባ አልኩ። ጋሽ አዳሙ ገላመጡኝ። ሰው አስቀይመሻል፣ የተቀየመ ሰው ዘንድ ሽማግሌ ነው የሚላከው አሉ። ሽማግሌ የሚላከው ለጋብቻ፣ ለደም፣ ለድንበር መስሎኝ! ለኤፍም ይላካል ለካ። ተወሰነ። እኔ ብቻ ነኝ ያልተጠየቅኩት። አያ ስንሻው እንኳ ተኝተው ተስማምተዋል።

ረቡዕ፣ የካቲት 12። ቢቸና።

ሽማግሌዎቹ ሞጣ ሄደው መጡ። ጋሽ አዳሙ እንደ ሪፖርት እያነበነቡ ነገሩን። መ/ር ኤርሚያስ የመጡት ከደቡብ ነው፣ ገና ወጣት ናቸው፣ የኛን ወግ ከየት ያውቁታል? ሦስት ሽማግሌ በራቸው ላይ ቆሞ፣ ጉዳያችን ካልተሰማ አንቀመጥም ሲላቸው ክው ብለው ቀሩ። ልጅ ሊድሩላቸው የመጡ መስሏቸው እጮኛ አለችኝ፣ ሀዋሳ ናት ብለው ማስረዳት ጀመሩ። እዚህ ላይ ሳቄን መዋጥ አቃተኝ፣ አባዬ በክርኑ ጎሸመኝ።

ቀጥሎ ግን ሳቄ ቆመ። ሽማግሌዎቹ ልጅ ናት፣ ሳታውቅ ነው የጻፈችው፣ እሑድ ለኪዳነ ምሕረት አምጥተን እናስክስሃለን ብለው ቃል ገብተዋል። ድንጋይ ተሸክሜ። በሰው ፊት።

ሳታውቅ ነው ያሉት መሪጌታ ናቸው። እኒያው የኪሱ መሪጌታ። ቤታችን ሲሆኑ ፖለቲከኛ፣ ሞጣ ሲደርሱ ለማኝ። ተናድጃለሁ። እራት አልበላም ብያለሁ፣ ማንም ብይ አላለኝም፣ ጭራሽ ይባስ ተናደድኩ።

እሑድ፣ የካቲት 16። ሞጣ፣ በኋላም ቢቸና።

አባዬም አብሮን መጣ። መ/ር ኤርሚያስ ከተከራዩበት ግቢ በር ላይ ጋሽ አዳሙ ድንጋይ መረጡልኝ። አንዱ አነሰ፣ አንዱ ገዘፈ፣ ሸማ እንደሚገዛ ሰው። አንገቴ ላይ አድርጌ ገባሁ።

መ/ር ኤርሚያስ ድንጋዩን ሲያዩ ወንበራቸውን ገልብጠው ወደ ግድግዳው ሸሹ። ልፈነክታቸው የመጣሁ መስሏቸዋል! «ኧረ ተረጋጋ ልጄ፣ ይቅርታ ነው፣ ይቅርታ!» ብለው መሪጌታ እጃቸውን እስኪይዟቸው ድረስ ከግድግዳው አልተላቀቁም። ሌላ ቀን ቢሆን ለአንድ ወር እስቅበት ነበር።

ጎንበስ አልኩ። ስለ እርፉ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ስድብ ነበር አልኩ። ከልቤ ነው። ጋሽ አዳሙ ከኋላዬ «ስለ መልሱም በይ፣ ስለ መልሱም» ይላሉ። ስለ እርፉ ብቻ ደገምኩ። አባዬ ሳለ። አሁንም ስለ እርፉ። መ/ር ኤርሚያስ ራሳቸው ድንጋዩን ከአንገቴ አወረዱልኝ።

ሽማግሌዎቹ ቆሎ ሲዘግኑ መ/ር ኤርሚያስ ወደ ጓዳ ጠሩኝ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው መልስሽ ስህተት የለውም አሉኝ። ስህተት የለውም! ግን የማረሚያው መልስ ከበላይ የመጣ ነው፣ ያንቺን ልክ ነው ብዬ ብፈርምበት የሚጠይቀኝ አለ፣ እኔም እዚህ የሰው አገር ሰው ነኝ አሉ። ባዶ የመልስ ወረቀት ሰጡኝ። እንደ ሃንድአውቱ አድርገሽ ጻፊና እስከ ማክሰኞ አምጪው፣ ሲ እሰጥሻለሁ አሉኝ።

ተሳስተሻል ቢሉኝ ይሻለኝ ነበር። የሚሳሳት ሰው ይማራል። ልክ ሆኖ ለሚወድቅ ሰው ምን ኮርስ አለው?

ሽማግሌዎቹ ሲ መገኘቷን ሲሰሙ እልልታ ቀራቸው። መሪጌታ መረቁኝ።

ስንመለስ ሚኒባሱ ጉንደ ወይን ላይ ሰው ሊያወርድ ቆመ። አባዬ ያኔ ነው ዞር ያለው። ለመሆኑ ምን ብለሽ ነው የጻፍሽው አለኝ። ይህ ሁሉ ሽምግልና ሲካሄድ አንድም ሰው ያልጠየቀኝ ጥያቄ! ስለ ጤፉ፣ ስለ መንገዱ፣ ስለ ማዳበሪያው አንድ በአንድ ነገርኩት።

«ይሄማ እኔ ያልኩሽ ነው» አለ።

አዎ አልኩት። ባለፈው ክረምት እርሻው ላይ ሆነህ ያልከኝ ነው።

 መኪናው ተነሳ።

«ታዲያ የወደቅኩት እኔ ነኛ» አለ አባዬ።

መሪጌታ ከፊት ወንበር ዘወር አሉና አንድም ትርጉም ሳያወጡ ተመልሰው ወደ መንገዱ አዩ። ቢቸና እስክንገባ የሰማሁት የአያ ስንሻውን ማንኮራፋት ብቻ ነው።

ሰኞ፣ የካቲት 17። ቢቸና፣ ጧት።

ወረቀቱ ፊቴ ነው። ሁለት መስመር ጽፌ ነበር፦ ብር ሲዳከም፣ አምራቹ። ሰረዝኩት። አምራቹ በመስኮት በኩል ይታየኛል፣ በሬውን እያሰረ ነው።

ወጣሁና አባዬን ድጋሚ ፈተና አለ አልኩት። ፈተናውን የሚያርመው ሌላ መምህር ነው። ያንኑ መልስ ልጽፍ ነው፣ ያለ ስድብ። ያኛውም መምህር ከጣለኝ ግን በቃ፣ መመለሻ የለውም፣ ሽማግሌም አይነሳልኝም አልኩት።

ገመዱን ቋጠረ። ቀና ብሎም አላየኝ። ሐምሌ ላይ ጤፍ ስንዘራ እጅ ያንሰናል አለኝ።

ብወድቅም እርሻው አለ፣ እሺ ማለቱ ነው። ነገ ለድጋሚ ፈተናው ለመመዝገብ ሞጣ እወርዳለሁ።