የስንብት ኮምፒውተር

ሰኞ፣ ማርች 9፣ ጠዋት

ዛሬም ጠቅ… ጠቅ… ጠቅ። ከዚያ ጥቁር ስክሪን። ሃርድ ዲስክ አልተገኘም ይላል። ገመዱን ነቅዬ ሰካሁ፣ በሌላ ቀየርኩ። ሽፋኑን ፈትቼ የሰፈራችንን የአትላባራን ቀይ አቧራ በብሩሽ ጠረግሁ። ያው ነው። አንዳንዴ ያየዋል፣ አንዳንዴ ይክደዋል። እንደ ዶ/ር ማ.።

አለቃዬ ነበር፣ ደብተሬ ሆይ። ስሙን ስጽፍ ደሜ ይፈላል፣ ግን ማወቅ አለብህ። የኑዌር ተረቶቹን ከኮር ዊሊያም ሰፈር እናቶች አፍ የለቀምኩት እኔ። የጻፍኩት እኔ። ለአንደኛ ክፍል ማንበቢያ። ሲታተም ሽፋኑ ላይ የእሱ ስም! ስጠይቅ አባረረኝ። ለማስታወሻ ይሁንሽ ብሎ ይህን አሮጌ ዴስክቶፕ አሸከመኝ፤ ቢሮው ሁሉ ሳቀ። ረቂቆቼ እዚሁ ውስጥ እንዳሉ አላወቀም። ቢሮ ፍላሽ መሰካት ክልክል ስለነበር ሌላ ቅጂ የለኝም። ት/ቢሮ አቤት አልኩ። ዓርብ ከሰዓት ማስረጃሽን ይዘሽ ቅረቢ አሉኝ።

ረቡዕ

ኮምፒውተሩን ታቅፌ በቦዳ ቦዳ ሞተር ጁባ ታውን። ሽመልስ ጋ፣ የአዲስ አበባ ልጅ፣ ጠጋኝ። ጆሮውን አስጠግቶ ሰማ።

«እህቴ፣ ይሄ እያጣጣረ ነው። ምን አለበት? የሰርግ ፎቶ?»

የሁለት ዓመት ሥራዬ አልኩት።

«እሱማ ይብሳል። ሰርግ ይደገማል።»

ጣይውና አዲስ ግጠሚ ሲለኝ ከእጁ ነጠቅኩት። ደነገጠ፣ ከዚያ ሳቀ። ደህና ዲስክ አዋሰኝ፦ በዚህ አስነሺው፣ የታመመውን ሁለተኛ አድርገሽ ግጠሚ፣ ከተነበበ ቶሎ ገልብጪ። መሃል ላይ ከጠፋ ግን ተስፋ የለውም አለ።

ሐሙስ፣ ምሽት 1 ሰዓት

ተነበበ! ፎልደሩ ተከፈተ። የተረቶቹ ስም ተደርድሯል፣ እኔ እንዳስቀመጥኳቸው። እየገለበጠ ነው። ዲስኩ እየተንተባተበ ያነባል፤ የመጀመሪያው ፋይል ገና አላለቀም።

ትንሽ ቆይቶ

አለቀልኝ። የግቢው ጄኔሬተር የአከራያችን የማማ ሮዛ ነው። ናፍጣ ሲያልቅባት ዝም ብላ አታጠፋም፤ አስቀድማ መብራቱን ሁለቴ ድርግም አድርጋ ታበራዋለች፣ ሻማችሁን ፈልጉ ለማለት። ጨዋነት ነው። ሰፈሩ ሁሉ ይመርቃታል። ፎልደሩን ሳይ ሁሉን ረሳሁ፣ ዛሬ እንዳታደርገው ሄጄ አልነገርኳትም። በመጀመሪያው ድርግም ዲስኩ አንዴ ጮኸ። ከሁለተኛው በኋላ ጠቅታውም የለም።

ማማ ሮዛ ሻማ ይዛ መጣች። «ማሌሽ፣ ይቅርታ፣ ልጄ። እኔ እኮ እንዳትደናገጡ ብዬ ነው።»

እሷን መጥላት እንኳ አልቻልኩም። ያንን ሰውዬ ግን እችላለሁ።

ዓርብ፣ ጠዋት

ሽመልስ አገላብጦ አየው፣ ሰካው፣ ጠበቀ። «ካላስ፣ አለቀ» አለ። ዛሬ አልቀለደም። ናይሮቢ ምናልባት ይሞክሩ ይሆናል አለ፤ ናይሮቢንና እኔን ምን አገናኘን።

ከሰዓት

አክስቴ አትሂጂ ትላለች። ባዶ እጅሽን ከዶክተር ጋር? መሳቂያ ያደርጉሻል። ልክ ነች። ወረቀት ይላሉ፣ ወረቀት የለኝም። እሱ መጽሐፍ ይዞ ይቀመጣል። አያምኑኝም፣ ደብተሬ፣ አውቀዋለሁ።

እሄዳለሁ። ፊቱ ቆሜ ተረቶቹን በኑዌርኛ፣ እናቶቹ እንደነገሩኝ አድርጌ እነግራቸዋለሁ። በዘበኛ ያስወጡኝ። እየጎተቱኝም እናገራለሁ። የትኛው ላይ እንደሚያስቆሙኝ እንጃ። በመጀመሪያ የጅቧን፣ ቀጥሎ የሁለቱን እህትማማቾች፣ ቀጥሎ ደግሞ ያቺን ወንዙን የ—

ቦዳው በር ላይ ክላክስ እያደረገ ነው። ሄድኩ።