የእግርሽ ራጅና የእኔ ፕሮግራም

እህት ዓለም የሺሀረግ፣

ከሰላምታው በፊት አንድ ነገር በደንብ ይግባሽ። አጥንትሽ እየገጠመ ነው። ባለፈው ረቡዕ በስልክ «አልያዘም» ያልኩሽ ስሕተት ነበር፤ ስሕተቱም የእኔ እንጂ የሐኪሙ አይደለም። ስለዚህ ወጌሻው አቶ ኃይሉ «እንደገና ሰብሬ ላቅናው» ብለው ለሐሙስ የያዙልሽን ቀጠሮ ሰርዢ። እግርሽን ማንም እንዳይነካው።

አሁን ሰላምታዬን ተቀበዪኝ። እንዴት ከረምሽ? ሕመሙ ያስተኛሻል? እህል ይበላልሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። ልጄ ሃይማኖት ሥራዋን፣ እኔም ትምህርቴን ይዘናል። አዎ፣ በጡረታዬ ተማሪ ሆኜልሻለሁ። ሰፈራችን ባለው ኮሌጅ የኮምፒውተር ፕሮግራም መጻፍ እማራለሁ። አትሳቂ።

ልጅሽ ወንድሜነህ ራጁን መስኮት ላይ ለጥፎ በካሜራ ያነሣና ይልክልኛል። መስመሩ ቀርፋፋ ስለሆነ ፎቶዎቹን አጭቆ አንድ ጥቅል ያደርጋቸዋል። ዱቄት በስልቻ ጠቅጥቆ እንደመላክ ቁጠሪው፤ የደረሰው ሰው መፍታት አለበት። የሚፈታ ፕሮግራም ሞልቷል። ሃይማኖትም «አባዬ፣ ይሄ እኮ ፍሪ ነው፣ ዳውንሎድ ማድረግ ብቻ ነው» ብላኝ ነበር። እኔ ግን የተማርኩትን ልሞክር ብዬ የራሴን ጻፍኩ። ሥዕል የለው፣ የሚጫኑት ነገር የለው፤ ጥቁር መስኮት ላይ «ይህን ጥቅል ፍታ» ብዬ በጽሑፍ አዘዋለሁ፣ ይፈታል። ለሃይማኖት ባሳያት «እስኪፈታ እኮ እኔ ሥራ ውዬ እመለሳለሁ» አለችኝ።

አንድ ሕግ ሰጥቼው ነበር። አንድ ዓይነት ስም ያላቸው ሁለት ፎቶዎች ከመጡ በቀን የቅርቡን ያዝ፣ የቆየውን ጣል። ወንድሜነህ ደግሞ ጀሶው ከመታሰሩ በፊት የተነሣሽውንም፣ ከወለቀ በኋላ የተነሣሽውንም «የእማዬ እግር» ብሎ ሰይሞታል። የመጀመሪያውን የላከው ከኢንተርኔት ቤት ነው፤ የዚያ ኮምፒውተር ቀን በፈረንጅ 2011 ይላል። ሁለተኛውን ከመሥሪያ ቤቱ ላከ፤ የዚያኛውን ቀን የሞላው ሰው ግን በእኛው አቆጣጠር 2003 ብሎት ኖሯል! ፕሮግራሜ አዲሱን ራጅ የስምንት ዓመት አሮጌ ነው ብሎ ጣለው። ድምፁንም አላሰማ፤ ዝም ብለህ ሥራ ያልኩት እኔው ነኝ።

አሮጌውን ፎቶ ይዤ እዚሁ አጠገባችን ባለችው አሌክሳንድሪያ በምትባል ከተማ የአጥንት ሐኪም ወደሆኑት ወደ ዶክተር መርዕድ ሄድኩ። «ይህ አጥንት ገና መግጠም አልጀመረም» አሉ፤ እኔም እንደወረደ ነገርኩሽ። ስልኩን ስትዘጊ ድምፅሽ እንዴት እንደነበር ከጆሮዬ አልጠፋም።

ትናንት ከቅዳሴ በኋላ ዶክተሩ ራሳቸው ጠርተው «ጋሽ ሙላቱ፣ ያ ነገር አላስቻለኝም። ከጀሶ የወጣ እግር እንዲያ አይመስልም። እውነት አዲሱ ነው?» አሉኝ። ቤቴ ሮጬ ጥቅሎቹን አንድ በአንድ ፈታሁ፤ የተጣለውን አገኘሁት። ከሰዓት ተመልሼ ሳሳያቸው ፊታቸው በራ። «ደግ ይዟል። ጀሶ ያሰረላት ሐኪም ይያትና ሲፈቅድላት በምርኩዝ ቀስ እያለች ትርገጥ፤ ብቻ ማንም እንዳይጠመዝዘው» አሉ። ስደውልልሽ መስመሩ አልገባ አለ፤ ይህን በኢሜይል ለወንድሜነህ የላክሁት አትሞ እንዲያመጣልሽ ነው።

ሕጉን ቀይሬዋለሁ። አሁን ተመሳሳይ ስም ሲመጣ ሁለቱንም ያስቀምጥና እኔን ይጠይቀኛል። ሃይማኖት «አሁን ገና አደብ ገዛ» አለች።

ወንድሜነህን ሳሚልኝ፤ በቀኑ ነገር እንዳትቆጪው። ምራትሽን የዓለምዘርፍን፣ ቀን ከሌት ደግፋ ስለምታነሣሽ፣ እጇን ይባርከው በይልኝ። አቶ ኃይሉንም በአክብሮት ሰላም በዪ፤ የስንቱን ክንድ ያቀኑ ሰው ናቸውና ቅር እንዳይላቸው። ሃይማኖት ጉልበትሽን ስማለች።

ይህን እንዳነበብሽ፣ ወንድሜነህ ካጠገብሽ ሳይነሣ አንዲት መስመር አስጽፊልኝ፤ እግርሽን የነካው ሰው አለ ወይስ የለም? ዛሬውኑ መልሺልኝ፣ የሺዬ።

ወንድምሽ ሙላቱ
ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ
ሰኔ 13 ቀን 2003 ዓ.ም.