ከጭራው የታጠበ ፊልም

ረቡዕ

ዱቄቱ ድንጋይ ሆኗል። በቢላ ፈቅፍቄ በሞቀ ውሃ ብበጠብጠው የአተላ መልክ አወጣ። አንድ የእርዳታ ሠራተኛ ሲሄድ በተወልኝ የቀለም ስላይድ ማጠቢያ ሳጥን ውስጥ ሌላው ኬሚካል ሁሉ ደህና ነው፤ የተበላሸው ምስሉን የሚያወጣው የመጀመሪያው ዴቨሎፐር ብቻ። መበላሸት የሌለበትም እሱ ነበር። እሱ ሲያንስ ስላይዱ ይጨልማል፣ ሲበዛ ምስሉ ይገረጣል፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣ መድኃኒት አያስተካክለውም።

ፊልሙ የእማማ ብርቄ ነው። ልጃቸው ይመር ከሐራ ገበያ ታፍሶ ብሔራዊ ውትድርና ከሄደ ወዲህ አልታየም። በቀደም ሽማግሌዎች በማለዳ ሄደው መርዶ ነገሯቸው። ሬሳ ስለሌለ እሑድ የሚለቀሰው በልብሱና በፎቶው ነው። ይመር ግን እኔ ፎቶ ቤት መጥቶ ተነስቶ አያውቅም። ያለው ይህ ፊልም ብቻ ነው። የይመር ጓደኛ የሆነ የጦር ሹፌር ትናንት በመርሳ ሲያልፍ እጃቸው ላይ አስቀምጦ፣ «ከእርስዎ ሌላ ሰው እንዳያየው» ብሏቸው ሄደ።

አዲስ አበባ ብልከው ስንት ዓይን ያየዋል። የጥቁርና ነጭ ፎቶ የማጥብበትን ዴቨሎፐር ወፈር አድርጌ እተካበታለሁ። ባለቤቴ ፋጤ፣ «ሾርባ አደረግኸው እኮ» አለችኝ። ሾርባም ቢሆን ይሁን። ከጭራው ቆርጬ እየሞከርኩ ልኩን አገኘዋለሁ፤ ሰው ደህናውን የሚያነሳው ፊልሙ ሲጀመር ነው።

ሐሙስ

ጨለማ። የመጀመሪያው ቁራጭ ጥቁር ሆኖ ወጣ። ወደ ፀሐይ ሳነሳው ግን ሜዳ አለ። ድንጋይ፣ አንድ ቁጥቋጦ፣ ሌላ ምንም። ባዶ ሜዳ ደጋግሞ የሚያነሳ ምን ዓይነት ሰው ነው?

ከሰዓት በኋላ ሁለተኛውን ቁራጭ ዴቨሎፐሩ ውስጥ ትንሽ አቆየሁት። ፈካ ብሏል። ያው ሜዳ፣ ያው ቁጥቋጦ። ከቁጥቋጦው ወዲያ ነጥብ አለች። ቆሻሻ መስላኝ በጥፍሬ ብነካት አልነሳ አለች። በማጉያ መነጽር አየኋት። እግር አላት።

ደስ አላለኝም። ፈራሁ ብል ይሻላል።

ዓርብ

ሦስተኛው ቁራጭ። ውሃውን አሞቅሁ፣ ጊዜውንም ጨመርኩ። ፊልሙ ከዴቨሎፐሩ ወጥቶ፣ የስላይድ ሥራ እንደሚጠይቀው፣ ብርሃን እንዲመታው ደጅ ሳወጣው ነገሩ ሁሉ ገና እንደተገለበጠ ነው። ሰማዩ ጥቁር፣ ሰውየው ነጭ። ደግሞ ቀርቧል። ትናንት ነጥብ የነበረው ዛሬ ትከሻ አለው።

ፋጤ አየችና ያዋሰችኝን ሳፋ ከጨለማው ክፍል አወጣች። «የሞተ ሰው ወዴት ነው የሚመጣው?» አለችኝ። ሳቅሁባት። ስመለስ ግን በሩን ከፍቼ መሥራት አማረኝ፤ ጨለማ ክፍል ደግሞ ይህን አይፈቅድም።

እማማ ብርቄ መጡ። «ደረሰልኝ ወይ ልጄ?»

«ነገ ይደርሳል» አልኳቸው። ዓይናቸውን ማየት አልቻልኩም።

ቅዳሜ

የቀረውን አጠብኩት። ልኩን አግኝቻለሁ። ትንሽ አረንጓዴ ቀለም ቢጥልበትም ፊቱ ጥርት ብሏል። ይመር ነው፣ ይስቃል። የገበሬ ልብስ ለብሷል፤ የወታደር ልብሱ እግሩ ሥር ተጣጥፎ ተቀምጧል። በሚቀጥለው ፎቶ ጀርባውን ሰጥቷል። ከዚያ የትናንቱ ትከሻ፣ ከዚያ ነጥቧ።

ከጭራው ቆርጬ ራሴን አሞኘሁ። ሰውየው እየመጣ አልነበረም፤ እየሄደ ነው። ጓደኛው ከዓይን እስኪሰወር ድረስ አነሳው፣ ከተሰወረም በኋላ አነሳ። ይመር ከጦሩ ኮብልሏል። ቢያንስ ያን ቀን በሕይወት ነበር።

እማማ ብርቄን አስቀምጬ ስላይዶቹን በተራቸው አሳየኋቸው።

«ለቅሶው ቢቀር ቀበሌው ለምን ቀረ ይላል» አሉ።

«ይላል።»

«ልጄን ይፈልጉታል።»

«ይፈልጉታል እማማ።»

«በቁሙ ባለቅስበትስ ሟርት አይሆንበትም?»

ከስላይዱ ላይ ፊቱን ብቻ በጥቁርና ነጭ ፊልም አንስቼ በወረቀት አወጣሁላቸው። ሌላውን አቃጥለው አሉኝ። ባዶውን ሜዳ ግን ለይተው መቀነታቸው ውስጥ ቋጠሩት።

እሑድ

ሰው በዛ። የቀበሌው ሊቀመንበር ፊት ለፊት ተቀምጧል። ፎቶው ከአሮጌ ጋቢው ጋር መሀል ላይ ነው። አልቃሿ «ይመር» ባለች ቁጥር እማማ ብርቄ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ።

በመጨረሻ ተነስተው ደረታቸውን መቱ። አባታቸውን ጠሩ። ታላቅ ወንድማቸውን ጠሩ። በጨቅላነቷ የቀበሯትን ሴት ልጃቸውን ጠርተው ድምፃቸው እስኪዘጋ አለቀሱ። በለቅሶ ላይ የቀደሙ ሙታንን ማንሳት ያለ ነው፤ ማንም አልተገረመም። እኔም አለቀስኩ፣ ለማን እንደሆነ ግን አላውቅም።

የይመርን ስም አንዴም አልጠሩም። ሊቀመንበሩ ወደ ጎረቤቱ ጎንበስ ብሎ የሆነ ነገር ሲናገር አየሁት። ምን እንዳለ አልሰማሁም።