ስለተሰረዘው ደንብ ቁጥር አራት እና ስለ ብዕሬ

ቅዳሜ፣ ነሐሴ 5 ቀን 2010 ዓ.ም. (ኦገስት 11፣ 2018)
ኒው ሆፕ፣ ሚኒሶታ

ለክብርት ወይዘሮ የሺሀረግ
የመንትያ ከተሞች ወጣት የኮሚክና የካርቱን ወዳጆች ጉባኤ
የአልባሳት ውድድር ኮሚቴ ሰብሳቢ
ባሉበት

ክብርት ሆይ፣

ይህን ደብዳቤ ልጻፈው አልጻፈው እያልኩ የልብስ ማጠቢያው ማሽን ሁለት ጊዜ ዞሮ ጨርሷል። ሰው ፊት መናገር እንደማልችል እርስዎ ያውቃሉ፤ በጽሑፍም ቢሆን ለትልቅ ሰው እንዲህ ያለ ነገር ጽፌ አላውቅም። ስለዚህ ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ልናዘዝ። ዛሬ ከሰዓት በኋላ መድረኩ መሀል ቆማ፣ ጭንብልሽን አውልቂ ስትባል ሳታወልቅ ጀርባዋን ሰጥታ የወጣችው ቁጥር ሰባት እኔ ነኝ። እርስዎ ይህን ያውቁ ነበር። ከአዳራሹ ሰው ሁሉ የሚያውቁት እርስዎ ብቻ ነበሩ፤ የምጽፍልዎትም ስለዚሁ ነው።

ለመሆኑ ጤናዎ እንደምን ነው? በዳኞች ጠረጴዛ ያን ሁሉ ሰዓት በብረት ወንበር ላይ ስለዋሉ ወገብዎን እንዳላመመዎት፣ ማይክራፎኑ በጮኸ ቁጥርም ጆሮዎ እንዳልተጎዳ ተስፋ አደርጋለሁ። ልጆችዎም ደኅና እንደሆኑ አምናለሁ። እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደኅና ነኝ። እስከ ትናንት «እትዬ» እልዎት ነበር፤ ከዛሬ ጀምሮ ግን «ክብርት» ማለቱ ለሁለታችንም የሚሻል መስሎኛል።

ደብዳቤው ሰው ሁሉ የሚያነበው ስለሆነ ነገሩን ለማያውቅ ጥቂት ላስረዳ። ኮሚክ የምንስልና ካርቱን የምንወድ ልጆች ዘንድሮ ለመጀመሪያ ጊዜ የሁለት ቀን ጉባኤ አዘጋጀን፤ ዛሬ ማጣሪያ፣ ነገ እሑድ ፍጻሜ። ሌክ ስትሪት አጠገብ ያለው አዳራሽ ከአሥራ ስምንት ዓመት በታች ለሆነ ሰው ስለማይከራይ ወላጆች ኮሚቴ ሆኑልን። ወላጆች እንዲያነቡት ደንቡ በአማርኛ ይጻፍ ተባለ። የቅዳሜ አማርኛ አስተማሪዬ ጋሽ ዑቕባይ፣ አሥመራ እያሉ በአማርኛ የተማሩ ጡረተኛ ናቸው፤ እኔ ከአዳማ አራተኛ ክፍል ሳልጨርስ የመጣሁ ልጅ ብሆንም ፊደል አሳምራ ትተይባለች ብለው ለእርስዎ ነገሩልኝ። እንዲህ ሆኜ ጸሐፊ ሆንኩ። ጸሐፊነት መናገር የማይጠይቅ ሥራ ስለሆነ በጣም ደስ ብሎኝ ነበር።

አሁን ወደ አቤቱታዬ ልግባ። እንደ ደንቡ በቁጥር አደርገዋለሁ፤ ቁጥር እንደሚወዱ አይቻለሁና።

አንደኛ፣ ስለ ስብሰባዎቹ። አራት ቅዳሜ ሙሉ ጊዜዎን ሰውተው ስለመሩን ምስጋናዬ ወሰን የለውም። አንዱ ቅዳሜ በሙሉ የእንጨት ሰይፍ ከክንድ አይብለጥ ወይስ ከክንድና ከስንዝር በሚለው ክርክር አለቀ፤ በመጨረሻ የማን ክንድ የሚል ጥያቄ ሲነሳ የመድረክ መሪያችን የአቶ ስምኦን ክንድ ተለክቶ ጸደቀ። ክንፍ ያለው ተወዳዳሪ በበሩ መግባት አለበት ወይስ ክንፉ ተለይቶ ሊገባ ይችላል የሚለውም ረጅም ጊዜ ወስዷል። ሁሉንም ጻፍኩ። በሦስተኛው ስብሰባ ላይ እርስዎ ወደ እኔ ዞረው ጸሐፊያችን ሐሳብ የላትም ወይ ብለው ጠየቁ። እኔም በቁራጭ ወረቀት ጽፌ ሰጠሁዎት፤ እርስዎ አነበቡት፤ ሰው ሁሉ እጁን አውጥቶ ተቀበለው። ደንብ ቁጥር አራት ሆነ፦ «ጭንብል ያደረገ ተወዳዳሪ መድረክ ላይ እንዲያወልቅ አይገደድም፤ የሚጠራውም በቁጥር ብቻ ነው።» ከአሥራ አንዱ ደንቦች ውስጥ የእኔ የሆነች ዓረፍተ ነገር እሷ ብቻ ነበረች።

ሁለተኛ፣ ስለ መኪናዎ። እርስዎ ዉድበሪ እየኖሩ፣ መንገድዎ በተቃራኒው ሆኖ ሳለ፣ ከስብሰባ በኋላ እስከ ኒው ሆፕ ድረስ ራይድ ይሰጡኝ ነበር። ይህን ውለታ አልክድም፤ ስለማልክደው ነው ዛሬ የባሰብኝ። አንድ ዕለት ሕንፃችን በር ላይ አቁመው ለውድድሩ ምን እየሠራሽ ነው ብለው ሲጠይቁኝ ለማንም ያልነገርኩትን ነገርኩዎት። ደብተሬ ላይ ሐይቅ የምትጠብቅ ወፍ እስላለሁ፤ ሉን የምትባለውን፣ ሰው ሲቀርባት ውኃ ውስጥ ጠልቃ ያልጠበቁት ቦታ የምትወጣውን የሚኒሶታ ወፍ። እሷን ልሆን ነው አልኩዎት። አባቴ የኤርፖርት ሻትል፣ የመንገደኛ ማመላለሻ መኪና፣ እንደሚነዳ፣ ለጉባኤው በፈቃደኝነት በሩ ላይ ቆሞ የመግቢያ አምባር እንደሚያስር፣ እኔ እንደምወዳደር ግን እንደማያውቅ ነገርኩዎት። እንግዳ ቤታችን በመጣ ቁጥር «እሷ ዝምተኛ ናት፣ አትቀየሟት» እያለ በእኔ ፈንታ ይቅርታ እንደሚጠይቅም ነገርኩዎት። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ልጁ መሆኔን ሳያውቅ፣ ሥራዬን አይቶ ሲያጨበጭብልኝ መስማት እንደምፈልግ፣ ከዚያ ቤት ስንገባ ራሴ እንደምነግረው ነገርኩዎት። እርስዎ ሞተሩን አጠፉና እንዲህ አሉኝ፦

«የኔ ቆንጆ፣ እኔ እዚያ ወንበር ላይ እስካለሁ ድረስ ጭንብልሽን የሚነካ የለም።»

እውነትም ማንም አልነካውም። በገዛ እጄ እንዳወልቀው ነው የተጠየቅሁት። ቃልዎን ይህን ያህል በጥንቃቄ ስለጠበቁልኝ አመሰግናለሁ።

ሦስተኛ፣ ስለ ብዕሬ። ዛሬ ከምሳ በኋላ አንዳንድ ወላጆች ቅር እንዳላቸው፣ ቪዲዮ ለዘመድ ሲልኩ ይቺ የማን ልጅ ናት ሲባሉ ምን እንመልስ እንዳሉ፣ አቶ ስምኦንም የሠርግ መድረክ የለመዱ ሰው ስለሆኑ ስም ሳይጠሩ ጨዋታው እንደማይደምቅ መናገራቸውን በኋላ ሰምቻለሁ። ያኔ ግን አላወቅሁም። ኮሪደሩ ላይ ክንፌን ለብሼ፣ ጭንብሌን በብብቴ ይዤ ቆሜ ነበር። እርስዎ መጡና ብዕር ይዘሻል ወይ አሉኝ። ጸሐፊ ስለሆንኩ ሁልጊዜ እይዛለሁ፤ ሰጠሁዎት፤ ፈገግ ብለው ጉንጬን ነካ አድርገውኝ ሄዱ። ነጥብ ሊመዘግቡበት መስሎኝ ነበር። ግድግዳው ላይ ወደተለጠፈው ደንብ ሄደው፣ እኔ የተየብኩትን ቁጥር አራት ሰርዘው፣ ከላዩ በእጅዎ እንዲህ ብለው ጻፉበት፦ «ማንኛውም ተወዳዳሪ መድረክ ላይ ፊቱን ያሳያል፤ የማን ልጅ እንደሆነም ይናገራል።» የእጅ ጽሑፍዎ በጣም ያምራል። ስብሰባ ሳይጠራ፣ እጅ ሳይወጣ፣ ለጸሐፊዋ ሳይነገር ደንብ በዚህ ፍጥነት እንደሚለወጥ ባውቅ ኖሮ ለሰይፉ ርዝመት ያን ሁሉ ቅዳሜ ባላባከንን።

አራተኛ የሚባል አቤቱታ የለኝም። አራተኛው ስለተሰረዘ ወደ አምስተኛው አልፋለሁ።

አምስተኛ። ነገሩን ያወቅሁት ከመጋረጃው ጀርባ ተሰልፌ ነው። ቁጥር ሦስት በካርቶን የተሠራ ሮቦት ነበር፤ አውልቅ ሲባል ጭንቅላቱ በሙጫ ተጣብቆ እምቢ አለ፤ እናቱ መቀስ ይዛ መድረክ ላይ ወጣች። አዳራሹ ሳቀ። ያን ጊዜ መውጣት እችል ነበር። ያልወጣሁት እርስዎ ያ ወንበር ላይ ስለነበሩ ነው። ለሌላው ባይሆን ለእኔ ያስታውሳሉ ብዬ አሰብኩ። ይህን ስጽፍ ራሴን ነው የታዘብኩት።

ክንፌን ከአባቴ አሮጌ ጥቁር የዝናብ ልብስ ነው የሠራሁት። ነጫጭ ነጠብጣቦቹን ከወተት ጆግ ፕላስቲክ አንድ በአንድ ቆርጬ ሰፋኋቸው፤ ከአራት መቶ በላይ ናቸው። ቀዮቹ ዓይኖች የብስክሌት የኋላ አንጸባራቂ ናቸው። ጭንብሉ በዱቄት ሙጫ የተለጣጠፈ ጋዜጣ ነው፤ የማየው ከመንቆሩ ሥር በተውኳት ቀዳዳ ነው። ክንፌን ስዘረጋ መብራቱ ነጠብጣቦቹ ላይ አረፈ። ከዚያ ጭብጨባው መጣ። በቀዳዳዋ በሩን አየሁ። አባቴ የአምባሩን ሳጥን ወንበር ላይ ትቶ ቆሞ ነበር። ሁለት ጣቱን አፉ ውስጥ ከትቶ አፏጨ። አባቴ ማፏጨት እንደሚችል አላውቅም ነበር።

ነገሩ በዚያ ቢያበቃ ኖሮ ዛሬ ይህን ደብዳቤ አልጽፍም ነበር። አቶ ስምኦን ግን ቀረቡኝ፦

«ቁጥር ሰባት፣ እስቲ አውልቂና የማን ልጅ እንደሆንሽ ንገሪን። ሳናውቅሽ እንዴት እንሸልምሽ?»

ዞሬ እርስዎን አየሁ። ዓይኔ ባይታይዎትም መንቆሩ ወደ እርስዎ እንደዞረ አይተዋል። እርስዎም ማይክራፎኑን ሳብ አድርገው በዚያ በመኪናው ውስጥ ድምፅዎ እንዲህ አሉኝ፦

«አይዞሽ የኔ ልጅ፣ አውልቂው። እኛ እኮ ቤተሰብ ነን።»

እጄ ጭንብሉን ይዞ ነበር። ማውለቅ አቃተኝ፤ መናገርም አቃተኝ። ሄድኩ። አቶ ስምኦን «ወፏ በረረች» አሉ፤ ሰው ሳቀ። ቀልዱ ጥሩ ነበር፤ ሌላ ሰው ብሆን እኔም እስቅ ነበር።

ይህም ሆኖ ኮሚቴው ቸርነቱን አልነፈገኝም። ቁጥር ሰባት የዳኞችን ከፍተኛ ነጥብ ስላገኘች፣ በተሻሻለው ደንብ መሠረት ፊቷን ካሳየች ነገ በፍጻሜው መወዳደር እንደምትችል ተለጥፎ አይቻለሁ። እጅ እነሳለሁ።

ስድስተኛው የእርስዎ ጥፋት ስላልሆነ በየትኛው ቁጥር እንደማገባው አላውቅም፤ ግን ይጻፍ። ወደ ቤት ስንመለስ ልብሱ በጥቁር የቆሻሻ ከረጢት ተጠቅልሎ መኪናችን ኋላ ነበር። አባቴ የአዳራሹ ጌጥ መስሎት ራሱ ተሸክሞ ጫነልኝ። ሃይዌይ ላይ ከወጣን በኋላ በኦሮምኛ ተናገረ፤ ወደ አማርኛ ስመልሰው እንዲህ ነው፦

«ያቺ ሰባት ቁጥር አሳዘነችኝ። አባቷ እዚያ ቢኖር ኖሮ ተነስቶ ይከራከርላት ነበር።»

እኔም እንደ ልማዴ ዝም አልኩ። መስኮቱን ነበር የማየው። እስከ ቤታችን ድረስ ዝም አልኩ። ክብርት ሆይ፣ በእርስዎ ከከፋኝ ይበልጥ የከፋኝ በዚህ ዝምታዬ ነው። ከዚያ ልብስ ላጥብ ብዬ ምድር ቤት ወረድኩ፤ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም፤ ይኸው ማድረቂያው ላይ ተደግፌ እጽፋለሁ።

ደንብ መተየብ የለመደ ሰው ደንብ ማንበብም ይለምዳል። የእርስዎን አዲሱን ቁጥር አራት ደጋግሜ አነበብኩት። ፊቱን ያሳያል ይላል፤ የማን ልጅ እንደሆነ ይናገራል ይላል። መቼ እንደሆነ አይልም። ፊቱን ካሳየና ከተናገረ በኋላ መልሶ አያጥልቅ የሚል የለበትም። በችኮላ ስለጻፉት ይመስለኛል፤ ለሰይፉ የሰጡትን ጊዜ ሩቡን እንኳ ሰጥተውት ቢሆን ይህን ቀዳዳ ባልተዉት።

ስለዚህ ነገ በፍጻሜው ቁጥር ሰባት ሲጠራ ክንፌን ለብሼ፣ ጭንብሌን በእጄ ይዤ፣ ፊቴን ገልጬ እወጣለሁ። ማንም ሳይጠይቀኝ ወደ ማይክራፎኑ እሄዳለሁ። «ፋዮ እባላለሁ፤ በሩ ላይ የቆመው የኤዶሳ ልጅ ነኝ» እላለሁ። ማሽኑ ሲጮህ ከድምፁ በላይ አሥር ጊዜ ተለማምጄዋለሁ፤ በሰባተኛው ድምፄ አልተንቀጠቀጠም። ከዚያ ሁላችሁም እያያችሁኝ ጭንብሌን አጠልቃለሁ፤ ከዚያ በኋላ ወፏ ናት የምትወዳደረው። አቶ ስምኦን ያን ጊዜ የሚሉት ቀልድ ካለ ከወዲሁ ያዘጋጁ።

ከጸሐፊነቱም ነገ ከፍጻሜው በኋላ እለቃለሁ። የሚቀጥለውን ጸሐፊ ሲመርጡ ብዕር የማይዝ ሰው ቢሆን ለኮሚቴው ሥራ የሚቀል ይመስለኛል።

ለእርስዎና ለመላው የኮሚቴው አባላት ረጅም ዕድሜ፣ ሙሉ ጤና፣ የሚመች ወንበርም እመኛለሁ። ለደንብ ካለዎት አክብሮት የማይበልጥ፣ የማያንስም አክብሮት በታላቅ ትሕትና እያቀረብኩ፣

የእርስዎ «ቤተሰብ»
ፋዮ ኤዶሳ
ቁጥር ሰባት

ማስታወሻ፦ ብዕሬን ስላልመለሱልኝ ይህን በእርሳስ ጽፌዋለሁ። እርሳስ በላጲስ ይጠፋል፤ መሰረዝ ከፈለጉ ከዛሬው ይቀልዎታል። ብቻ አንድ ልመና አለኝ። ደብዳቤውን ነገ ጠዋት ከሁሉ ቀድሜ መጥቼ መግቢያው በር ላይ፣ የአምባር አሳሪው ወንበር አጠገብ እለጥፈዋለሁ። አባቴ አማርኛ የሚያነበው ቀስ ብሎ፣ በጣቱ እየተከተለ ነው። እባክዎ እስኪጨርስ ድረስ አይገንጥሉት።