በሞተሩ ዘንግ ላይ የጻፍኩት

ይድረስ ለበኩር ልጄ፤ ባለህበት ሰላም ያድርግህ። እኛ እየተነሳን እየተቀመጥን አለን።

አባትህ ከሸራ ጀልባችን ኋላ የተንጠለጠለውን ሞተር ማርሽ መቀየሪያ በረጅም ዘንግ ቀጥሎ እስከ መቀመጫው አምጥቶታል። ተቀምጦ መንዳት ብቻ ሆነ። እጁ እንደሆነ አሁንም ወርቅ ነው። ሲጨርስ ግን፣ “ወደፊት፣ ወደኋላ፣ ማጥፊያ ብለሽ በቀለም ጻፊበት” አለኝ። አርባ ዓመት የነዳ ሰውዬ። ጻፍኩለት።

ትናንት ሐይቁ መሃል ሞተሩን አጠፋና፣ “ቤታችን በየት በኩል እንደሆነም ጻፊበት” አለኝ። ቀልዱን መስሎኝ ሳቅሁ። እሱ አልሳቀም። አሁን ሲወጣ አብሬው እወጣለሁ፤ የሐይቁ አየር ተስማምቶኛል።

ልጄ፣ ሥራ ሲላላ እመጣለሁ አትበል፣ ቶሎ ብቅ በል። እስከዚያው ፎቶህን ላክልን። ከሥሩ ስምህን በትልቁ ጻፍበት።

እናትህ