በአንድ ዓይን የሣልኩዎት

ነሐሴ ፲፪ ቀን ፲፱፻፶፬ ዓ.ም.
አራዳ

ለተከበሩ ለአባባ ባለቤት፣ ለእትዬ፣

ጤናዎ እንዴት ነው? ብርዱና ዝናቡ እንዴት ይዞዎታል? እምድብር ክረምት ሲሆን ጭቃው አያስወጣም ሲሉ እሰማለሁ። ወገብዎንስ አሁንም ያምዎታል? እኛ ደህና ነን ብዬ ልጽፍ ነበር፤ አልሆነልኝም። አባባ በላሁ እያለ ሳይበላ ይተኛል። ለጎረቤት «ለመስቀል አገሯ ገብታ ነው» ይላል። መስቀል ገና ከወር በላይ እንደሚቀረው ጎረቤቱ የማያውቅ ይመስለዋል።

ይህን የሚያነብልዎት ወንድምዎ ጋሽ ፈቀደ እንደሆኑ አውቃለሁ። ጋሼ፣ እባክዎ ምንም ሳይዘሉ ያንብቡላቸው። ስድቡን መጨረሻ ላይ ያወርዱብኛል።

ፒያሳ እንደ ተዉት ነው። ራስ መኮንን ድልድይ ላይ በቆሎ ጠባሾቹ በዣንጥላ ሥር ተደርድረዋል። ዐረቡ ሐልዋ ሲቆርጥ ተማሪዎች ደጁ ላይ ቆመው ቅቤ አለበት የለበትም፣ ጾም ያፈርሳል አያፈርስም ይከራከራሉ። እኔ ሁለቱንም ወገን ሰምቼ በላሁ። ግሪኩ ሙሴ ያኒም ፍልሰታን ይጾማል፤ ከኛ ስድስት ቀን ቀድሞ ጀምሮ ቀድሞን ስለፈሰከ አሁን ጥብሱን ፊቴ ላይ እየበላ ያበሽቀኛል።

ይህን ሁሉ የምቀባጥረው ዋናውን ፈርቼ ነው።

መምህሩ ላይ ቀለም ደፍቼ ከትምህርት ቤት የተባረርኩ ዕለት፣ ለጎረቤት ሲናገሩ ሰማሁዎት። «እናት ብትኖረው እንዲህ አይሆንም ነበር» አሉ። በሞተችው እናቴ የመጡብኝ መሰለኝ። ንዴቴን ያውቁታል፤ ሌላው ሰው ላይ እንደ ክብሪት ቦግ ብሎ ይጠፋል። እርስዎ ላይ ግን ከሰል ሆኖ ከረመ።

አለቃ ዓምደሚካኤል ሥዕል ሊያስተምሩኝ ሲቀበሉኝም አልበረደም። ሙሴ ያኒ ለምግብ ቤቱ ግድግዳ የአራዳን ገበያ ሣሉልኝ ብሏቸው፣ እሳቸው ሰማዩንና ጊዮርጊስን ሲሠሩ ገበያተኛውን ለኔ ተዉልኝ። ዐረቡን ከነሐልዋው፣ ሕንዱን ከነጨርቁ፣ አርመኑን ሰዓት ሠሪ፣ ሁሉንም በሁለት ዓይን ሣልኩ። አትክልት ተራ ላይ ከጎመን ክምር አጠገብ ደግሞ እርስዎን ሣልኩ። በጎን፣ በአንድ ዓይን።

ጊዮርጊስን ሳይሳለሙ ገበያ የማይወጡ ሰው ነዎትና መንገር አያሻኝም። በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ በአንድ ዓይን የሚሣሉት ይሁዳና ሰይጣን ናቸው።

አለቃ አይተው «ይህች ሴትዮ ምን በደለችህ?» አሉኝ። ጎመኑን መቀባቴን ቀጠልኩ። እሳቸውም ትተውኝ ወደ ሰማያቸው ተመለሱ።

ልጄ የሣለውን እዩልኝ ብለው የአትክልት ተራን ሴቶች አስከትለው ይመጣሉ ብዬ መቼ አሰብኩ? ነጭ ነጠላ ለብሰው፣ የጫማዎን ጭቃ ደጃፍ ላይ ጠርገው ገቡ። ቀድመው ያዩት እትዬ ወርቅአፈራሁ ናቸው። «ምነው ይሄ ልጅ አንቺን በአንድ ዓይን?» አሉ። ሴቶቹ ሁሉ ወደ እርስዎ ዞሩ። እርስዎ ግን ሥዕሉን ቆመው አይተው፣ ሳቅ ብለው፣

«ጎመኔን እየጠበቅሁ ነዋ። ዓይኔን ከላዩ ካነሳሁ እናንተ መቼ ትተዉልኛላችሁ» አሏቸው።

ሴቶቹ ሳቁ። ሙሴ ያኒም ሳይገባው አብሮ ሳቀ። እኔ ቡሩሼን ይዤ እንደ ግንድ ቆምኩ። በሦስተኛው ቀን ጓዝዎን ይዘው ሄዱ።

ያቺን የድሮ ቃልዎን ደጋግሜ ሳስባት፣ የነኩት እናቴን እንዳልነበረ አሁን ነው የገባኝ። ስምንት ዓመት አብልተው፣ ልብሴን አጥበው፣ ሲያመኝ አጠገቤ ተቀምጠው አድረው፣ ራስዎን ከእናት አልቆጠሩም። እንዲቆጥሩ ያልፈቀድኩት እኔ ነኝ።

ትናንት አለቃን፣ ሁለተኛ ዓይን ልጨምርበት ብዬ ጠየቅኋቸው። «ወደ ጎን በዞረ ፊት ላይ ዓይን ብትጨምር ጭራቅ ታደርጋታለህ። ፍቀህ እንደገና ጀምር» አሉኝ። ፋቅሁት። ነጠላዎ አለ፣ እጅዎ አለ፣ ጎመኑ አለ፤ ፊት ብቻ የለም። ሙሴ ያኒ ለእንቁጣጣሽ ይድረስልኝ እያለ ይጨቀጭቀኛል። ቡሩሹን ሳነሳ ግን እጄ አይሄድም። ቅንድብዎ ስስ ነው ወይስ ወፍራም? ያቺ ጠባሳ በየትኛው ጉንጭዎ ላይ ናት? ስምንት ዓመት አንድ ጣሪያ ሥር ኖረን፣ ፊት ለፊት አይቼዎት አላውቅም።

ይምጡና ከፊቴ ይቀመጡልኝ። ቢቆጡም ተቆጥተው ይቀመጡ፤ እንደተቆጡ እሥልዎታለሁ።

መንገዱን ያድርቅልዎት። ወገብዎን ይማርልኝ። ጋሽ ፈቀደንም ዕድሜ ይስጥልኝ፤ አሁን መሳደብ ይችላሉ።

ልጅዎ